መጽሐፉ በቁልፍ፣ ላይብረሪያኑ በዕዳ!

በዚህ አገር ስለ ንባብ የማይናገር ሹመኛ የለም። ሪባን ሲቆርጥ ስለ ንባብ ያወራል፣ ችግኝ ሲተክል ስለ ንባብ ያወራል፣ የመጽሐፍ አውደ ርእይ ላይ ተገኝቶ ፎቶ ሲነሳ ደግሞ ሳይጠይቁት ያወራል። የሚያነብ ትውልድ እንፍጠር ይለናል። እሰየው! ማን ይጠላል? ግን እስቲ አንዲት ጥያቄ ብቻ እንጠይቀው። ክቡርነትዎ፣ በየትምህርት ቤቱ ያንን መጽሐፍ ለልጁ እጅ የሚያቀብለው ሰው ማን ነው? ሙያው ምንድነው? ደረጃው የት ላይ ነው? ለማንስ ነው አቤት የሚለው? መልስ የለም። ስለዚያ ሰው ያሰበ የለማ!

እኔ ግን አውቀዋለሁ። ከ20 ዓመት በላይ ጠመኔ ጨብጬ፣ ከዚያም ውስጥ ጥቂት የማይባለውን ጊዜ የላይብረሪ ቁልፍ ይዤ ያሳለፍኩ መምህር ነኝና ስለዚህ ሰው ከሌላ መስማት አያሻኝም። ጋዜጣ አይጽፍለትም። ማኅበር አይሟገትለትም። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሲቆጠርም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ከመምህራን ጋር ሳይሆን "ድጋፍ ሰጪ" ከሚባሉት ጋር ነው። /ጥበቃውንም ጽዳቱንም አክብሬ ነው የምናገረው። እነሱ ቢያንስ ሥራቸው ምን እንደሆነ ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል።/

የምለው አንድ ነገር ነው። የትምህርት ቤቶቻችንን ቤተ መጻሕፍት የዘጋው የመጽሐፍ እጥረት ብቻ አይደለም። የዘጋው ላይብረሪያኑን ከመምህርነት አውርዶ ግምጃ ቤት ጠባቂ ያደረገው አሠራር ነው። ሰውየውም በየግቢው አንድ ለእናቱ ሆኖ ስለቀረ ይኸው እስከ ዛሬ ጩኸቱ ከቅጥር ግቢው አላለፈም።

ላይብረሪ ወይስ የግዞት ቦታ?

ለመሆኑ አንድ መምህር እንዴት ላይብረሪያን ይሆናል? እኔ በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች መንገዱ አራት ነው።

አንደኛው መንገድ ሕመም ነው። የጠመኔው ብናኝ ደረቱን ያስቸገረው፣ ድምፁ የተዘጋበት፣ ወገቡን የታመመ መምህር የሐኪም ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ቀላል ሥራ ይሰጠው ይላል። ቀላል ሥራ ማለት እንግዲህ ላይብረሪ ነው!

ሁለተኛው መንገድ ዕድሜ ነው። ጡረታው የደረሰ አንጋፋ መምህር እስኪወጣ ድረስ አረፍ ይበል ተብሎ ቁልፍ ይሰጠዋል። ጡረታ ሳይወጣ ጡረታ የወጣ ማለት እሱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ኩርፊያ ነው። በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የተናገረ፣ ለዳይሬክተሩ ዓይን ያልጣመ፣ በግምገማ ጊዜ "አመለካከት" የምትባለዋ ነጥብ የጎደለችው መምህር ክፍለ ጊዜው ይነጠቅና ወደ ላይብረሪ ይወረወራል። ተማሪ እንዳይበክል መሆኑ ነው። አይ ሞኝነት! ሐሳቡን የፈሩትን ሰው መጽሐፍ መሃል ማስቀመጥ እሳትን በገለባ እንደመሸፈን አይደለም እንዴ? ግን እነሱም ያውቃሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው መጽሐፍ እንደማይነበብ ያውቃሉ። ስለዚህ አይሰጉም።

አራተኛው መንገድ ትምህርት ነው። በሙያው ሰልጥኖ፣ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ይዞ፣ ሥራዬ ብሎ የሚመጣ ማለት ነው። ይሄኛው በጣት የሚቆጠር ነው። መጥቶም ቢሆን የሚጠብቀው ዕጣ ከሦስቱ አይለይም።

ልብ በሉልኝ፤ ሕመምተኛውንም አንጋፋውንም አልነቅፍም። ከነሱ መካከል በራሳቸው ጥረት ተምረው፣ አቧራ አራግፈው፣ ልጆችን ከመጽሐፍ ጋር ያዋደዱ ብርቱ ሰዎች አይቻለሁ። የምነቅፈው አስተሳሰቡን ነው። ወገቡን የታመመ የስፖርት መምህር ለምን ፊዚክስ አያስተምርም ቢባል አገር ጉድ ይላል። ለፊዚክስ ሙያ ያስፈልጋላ! ላይብረሪ ሲሆን ግን ማንም ይሠራዋል ይባላል። ማንም ይሠራዋል የተባለ ሥራ ደግሞ በመጨረሻ ማንም የማይሠራው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ይህ አስተሳሰብ በመምህራን ማረፊያ ውስጥም ሰርጿል። ባልደረቦቻችን በሻይ ሰዓት "አንተማ አርፈሃል፣ ቁልፍህን ይዘህ ቁጭ ነው" እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ ግን ደመወዝ ላይ ሲደርስ ያቆማል። መምህሩ ከጀማሪ ወደ መለስተኛ፣ ከመለስተኛ ወደ መምህር፣ ወደ ከፍተኛ መምህር፣ ወደ ተባባሪ መሪ፣ ወደ መሪ መምህር እየተባለ የሚወጣው መሰላል አለው። ቁመቱ ቢያጥር፣ እርከኑ ቢንገዳገድ መሰላል ነው። ላይብረሪያኑ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ የሌላውን እግር ያያል። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ፕሮግራም ሲወጣ ሒሳቡ ከሒሳቡ፣ ቋንቋው ከቋንቋው ጋር ይሰበሰባል። ላይብረሪያኑ ከማን ጋር ይሰብሰብ? ከመደርደሪያው ጋር?

ሞዴል 19 የሚባለው ጌታ

መንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ሞዴል 19ን ያውቃታል። ንብረት ገቢ የሚሆንባት ደረሰኝ ናት። ሞዴል 22 ደግሞ ወጪ የሚሆንባት። ጥሩ አሠራር ነው፤ የሕዝብ ንብረት መመዝገብ አለበት። ጉዱ የሚመጣው መጽሐፍና መጥረጊያ በአንድ ዓይን መታየት ሲጀምሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጣ ንብረት ክፍል ይቀበለዋል። ከዚያ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለላይብረሪያኑ ይሰጣል። ላይብረሪያኑ ይፈርማል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ መጽሐፍ በስሙ የተጻፈ ዕዳ ነው። ተማሪ ወስዶ ቢጠፋበት፣ ገጹ ቢቀደድ፣ ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ቢያበሰብሰው ተጠያቂው የፈረመው ሰው ነው። ዝውውር ሲጠይቅ፣ ሲለቅ፣ ጡረታ ሲወጣ ክሊራንስ የሚባል ወረቀት አለ። አንድ መጽሐፍ ቢጎድል ያቺ ወረቀት አትፈረምም።

እስቲ አሁን ራሳችሁን በሱ ቦታ አስቀምጡት። ደመወዛችሁ ለወር አስቤዛ አልበቃ ብሏል። በስማችሁ አንድ ሺህ መጽሐፍ ተመዝግቧል። የመጽሐፍ ዋጋ ደግሞ በየዓመቱ ሰማይ እየነካ ነው። አንድ ልጅ መጥቶ "ቲቸር፣ ይሄን መጽሐፍ ቤት ወስጄ ላንብበው?" ይላችኋል። ምን ትመልሳላችሁ? "እዚሁ አንብብ!" ነው የምትሉት። "እጅህን ታጥበሃል?" ነው የምትሉት። ሲብስም ቁም ሳጥኑን ቆልፋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ትከታላችሁ። ክፋት አይደለም፤ የልጆች ዳቦ ነው! በዚህ አሠራር ጎበዝ ላይብረሪያን ማለት መጽሐፉን ያስነበበ ሳይሆን መጽሐፉን ሳያስነካ በርክክብ ቀን ቆጥሮ ያስረከበ ነው። ያልተነበበ መጽሐፍ ከተነበበው ይልቅ የተመሰገነበት አገር እንግዲህ ይኸው የኛ ነው።

ሌላም አለ። መጽሐፍ ሲነበብ ያረጃል። ይህ ተፈጥሮ ነው፤ ሊያስደስተንም ይገባ ነበር። በኛ ዘንድ ግን ያረጀውን መጽሐፍ ከመዝገብ ለማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ለበላይ አካል ይጻፋል፣ መልስ ይጠበቃል። መልሱ አይመጣም። ስለዚህ ሽፋኑ የወለቀው፣ ግማሹ ገጽ የሌለው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ማንም የማይፈልገው የመማሪያ መጽሐፍ ከዓመት ዓመት ይቆጠራል። መደርደሪያው በሬሳ ተሞልቶ ሕያው መጽሐፍ ማስቀመጫ ይጠፋል።

ይህን ቀምሼዋለሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት በሠራሁበት ጊዜ ተማሪዎች መጽሐፍ ቤታቸው እንዲወስዱ ፈቅጄ ነበር። በመዝገብ፣ በፊርማ፣ በመታወቂያ። ልጆቹም ከጥቂቶች በቀር በሰዓቱ ይመልሱ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሲቆጠር 14 መጻሕፍት ጎደሉ። ስንት ሺህ ጊዜ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እንደተላለፈ የሚያሳየውን መዝገብ ዘርግቼ አሳየሁ። የንብረት ኃላፊው መዝገቡን አላየውም፤ ያየው 14ን ነው። ገንዘቡ ከደመወዜ ተቆረጠ። በጎረቤት ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ቆልፎ የከረመው ባልደረባዬ ደግሞ "ንብረት በአግባቡ የያዘ" ተብሎ ተመሰገነ። እሱን አልወቅሰውም። ዛሬም ቢሆን መፍቀዴ ትክክል ነበር እላለሁ። ጥፋተኛው ሁለታችንን እንደዚያ የፈረደን መለኪያ ነው።

አባቶቻችን እንኳ ከዚህ የተሻለ ያውቁ ነበር። በየገዳማቱ የብራና መጽሐፍ የሚጠብቅ ዕቃ ቤት የሚባል ሹም አለ። እሱም ንብረት ጠባቂ ነው፤ ግን መጽሐፉ ለቅዳሴው፣ ለማኅሌቱ፣ ለጉባኤው በሰዓቱ ካልወጣ ተጠያቂ ነው። ጥበቃው ለአገልግሎቱ ነው። እኛ ጥበቃውን ወርሰን አገልግሎቱን ጣልነው።

ላም አለኝ በሰማይ

በሪፖርት ላይ ግን ሁሉ አማን ነው። "ቤተ መጻሕፍት፦ አለ" ይላል ቅጹ። አለ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ኢንስፔክሽን ይመጣል ሲባል በሩ ይከፈታል፣ ወለሉ ይወለወላል፣ ከየቢሮው መጽሐፍ ተሰብስቦ መደርደሪያው ይሞላል፣ ጥቂት ጨዋ ተማሪዎች ተመርጠው እንዲያነቡ ይቀመጣሉ። እንግዶቹ ሻይ ጠጥተው ሲሄዱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌላ ጊዜ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ነው፣ የፈተና ወረቀት ማረሚያ ነው፣ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነው። ተከፍቶ የሚገኘውም ቢሆን ልጆች የራሳቸውን ደብተር ይዘው ገብተው ለፈተና የሚያጠኑበት ጸጥ ያለ ክፍል ነው እንጂ መጽሐፍ የሚፈልጉበት ቤት አይደለም። "ላይብረሪ ገባሁ" ማለት በኛ ቋንቋ "ደብተሬን አጠናሁ" ማለት ሆኗል።

ውጤቱን አብረን አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ መሆናቸውን የነገረን ራሱ ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ላይብረሪ ስለተዘጋ ነው የሚል ተላላ አይደለሁም። የመምህሩ ኑሮ አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ ረሃቡ አለ፣ የፖለቲካው መዘዝ አለ። ግን 12 ዓመት ትምህርት ቤት የተመላለሰ ልጅ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ አንድ መጽሐፍ ሳይጨርስ ሲወጣ፣ የፈተናውን ጥያቄ አንብቦ እንዲረዳ ማን አስተምሮታል? በኩረጃ ዘመን ሳይታይ የቆየው ጉድ ኩረጃው ሲከለከል ተገለጠ እንጂ አዲስ የመጣ ነገር የለም።

ገንዘብ የለም አይበሉን

ይህን ስንል የሚሰጠን መልስ የታወቀ ነው፤ በጀት የለም። እስቲ እንተሳሰብ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲሰቀል በጀት ነበር። መምህሩን አስቀምጦ ቴሌቪዥን ያስተምር ተባለ። ያኔ የነበርን እናስታውሳለን፤ ፕላዝማው ይናገራል፣ ተማሪው ያፈጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ትምህርቱ ይጠፋል። ስንቱ ስክሪን በመጨረሻ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ጌጥ እንደሆነ በዚያ ዘመን የተማረ ይመስክር።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት፣ በአንድ ጊዜ 2 ሺህ ያህል አንባቢ የሚይዝ ሕንፃ ነው። አልቃወምም። ልጆቻችን የሚቀመጡበት ያማረ ቤት ማግኘታቸውን የሚጠላ ካለ ጤና የለውም። ግን አራት ኪሎ መድረስ የሚችለው የማን ልጅ ነው? የቦሌ አራብሳው ልጅ በሁለት ታክሲ ይድረስ እንበል፤ የመርሐ ቤቴው፣ የጎዴው፣ የጅንካውስ? እነዚህን ልጆች የሚደርሳቸው በየትምህርት ቤታቸው ያለችው አንዲት ክፍል ናት። አገር የሚነበበው በየመንደሩ ነው እንጂ በዋና ከተማ አደባባይ ብቻ አይደለም። ትልቁን ቤት የሚሞላ አንባቢ የሚወለደው ከትንሿ ክፍል ነው። የትንሿን ክፍል ሰው ረስቶ ትልቁን ቤት መመረቅ እህል ሳይዘሩ ጎተራ መሥራት ነው።

ሌሎች ደግሞ ዘመናዊ ሆነውብናል። ዘመኑ የቴሌግራም ነው፣ መጽሐፉ ሁሉ በስልክ ይገኛል፣ ላይብረሪያን ምን ያደርጋል ይሉናል። አዎ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ አልደርስ ብሎ ልጆች በስልክ ፋይል ሲሻሙ አይተናል። ስልክ ያለው አገኘ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ትከሻ ላይ አንጋጦ አየ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ደግሞስ በስልክ ያለው ነገር ሁሉ እውነት ነው እንዴ? በየቀኑ በፌስቡክ የሚረጨውን የፈጠራ ወሬ፣ የዘር ጥላቻ፣ የሐሰት ታሪክ ልጆቻችን ከእውነቱ እንዲለዩ ማን ያስተምራቸው? ምንጩን መርምር፣ ማን ጻፈው በል፣ ከሌላ መጽሐፍ ጋር አስተያይ ብሎ ማስተማር እኮ የላይብረሪያን ሥራ ነው! ዘመኑ ላይብረሪያኑን አላስፈላጊ አላደረገውም። ይልቅ ያለሱ ምን እንደምንሆን አሳየን።

ቁልፍ መያዝና ሙያ

ሙያ አለው ወይ ለሚሉኝ አንድ ትንሽ ምሳሌ ልስጥ። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር የት ነው የምትመዘግቡት? ከፈረንጅ አገር የመጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም የአባትን ስም አስቀድሞ "ዓለማየሁ፣ ሐዲስ" ብሎ ያስገባዋል። በኛ አገር ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ነውና ምዝገባው "ሐዲስ" ከሚለው መጀመር አለበት፤ ዓለም አቀፉ የካታሎግ ሕግም ለኢትዮጵያውያን ስም ይህንኑ ይላል። የሰለጠነ ሰው ያውቃል። ያልሰለጠነው ደራሲውን በአባቱ ስም ሥር ይቀብረዋል፤ ተማሪው ፈልጎ ያጣዋል፤ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ የለም ይባላል።

ይህ ገና ፊደል ነው። በዕርዳታ ስም በካርቶን የሚመጣውን መጽሐፍ አበጥሮ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ሙያ ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጅ አማርኛውን ሲያነብ የሚሰናከልበትን አይቶ በልኩ መጽሐፍ መስጠት ሙያ ነው። የታሪክ መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዓድዋ ሊያስተምር መሆኑን አውቆ ቀድሞ መጻሕፍቱን ማዘጋጀት ሙያ ነው። የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽንና ዩኔስኮ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መግለጫ ላይ የሠፈረውም ይኸው ነው፤ ላይብረሪያኑ የሰለጠነ ባለሙያ ይሁን፣ ከመምህራን ጋር አብሮ ያቅድ፣ አብረው ሲሠሩ የተማሪው ችሎታ ይጨምራል።

ደግሞ ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የንጉሡ መንግሥት በ1936 ዓ.ም ወመዘክርን ያቋቋመው ገና ከጣሊያን ወረራ ቁስል ሳናገግም ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ውስጥ የላይብረሪ ሳይንስ ይሰጥ ነበር። ትምህርት ፋኩልቲ ውስጥ መሆኑን አስምሩበት፤ መምህርና ላይብረሪያን በአንድ ጣሪያ ሥር ይማሩ ነበር ማለት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለአፍሪካ ጭምር የታሰበው የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጥሩ ነበር። ግን ከጊዜ በኋላ ሚዛኑ ወደ ኮምፒውተሩ አደላ፤ ተመራቂው ባንክና ቴሌ ሲገባ የትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ሰው አልባ ቀረ። ተመራቂውን አልወቅስም። ደረጃና ደመወዝ ወደሌለበት ቤት ማን ይሄዳል?

እያንዳንዱ ለብቻው

አሁን ወደ ዋናው ቁስል ልምጣ። የሒሳብ መምህር በአንድ ትምህርት ቤት አምስት ስድስት ሆኖ ዲፓርትመንት አለው። ላይብረሪያን ግን በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ቢበደል ምስክር የለውም። ቢቸገር የሚጠይቀው ባልደረባ የለውም። አንዱ ያገኘውን ዘዴ ሌላው አይሰማም። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው የ10 ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ፣ ሁለት ላይብረሪያኖች ዕድሜ ልካቸውን ሳይተዋወቁ ጡረታ ይወጣሉ። አንደኛው ጋ ትርፍ ሆኖ አቧራ የበላው የባዮሎጂ ማጣቀሻ ሁለተኛው ጋ ልጆች የሚጋፉበት ሊሆን ይችል ነበር። ማን ነግሮት?

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የጋራ ኅብረት አቋቁመዋል። በአገሪቱ የላይብረሪ ማኅበር የሚባል ነገርም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። የትምህርት ቤቱ ሰው ግን እነዚያ ዘንድ ትንሽ ነው፣ መምህራኑ ዘንድ ደግሞ መምህር አይደለም። ከሁለቱም ያልሆነ የሌሊት ወፍ አድርገውታል።

ለምን አልተደራጀም ብሎ የሚጠይቅ ካለ ታሪክ ያንብብ። በዚህ አገር መምህር ተደራጅቶ የከፈለውን ዋጋ እናውቃለን። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር /ኢመማ/ በ1941 ዓ.ም የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። በየካቲት 1966 መምህሩ ሥራ አቁሞ መንግሥት አንቀጥቅጧል። በኢሕአዴግ ዘመን ግን ምን ሆነ? በዚያው ስም ሌላ ማኅበር ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ታስረው በ1994 ነው የተፈቱት። አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 በጠራራ ፀሐይ በአዲስ አበባ በፖሊስ ጥይት ወደቁ። በ2000 ዓ.ም በፍርድ ቤት ውሳኔ ነባሩ ማኅበር ስሙንም ንብረቱንም አጣ። ይህን ሁሉ ያየ መምህር "መደራጀት" የሚለውን ቃል ሲሰማ ግራና ቀኙን ቢያይ ይፈረድበታል? ትልቁ ማኅበር እንዲህ ሲደረግ፣ በየግቢው ለብቻው የተቀመጠ ባለቁልፍማ ምን አቅም አለው?

ግን ፍርሃት ዘላለም ሰበብ ሊሆን አይችልም። አንድ ሰው እንኳ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይተናል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በላይብረሪያንነት የሠሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በ1990ዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስነሱ። ሲኤንኤን በ2008 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አላቸው። ልብ በሉ፣ ይህን ያደረጉት ሹመኛ ወይም ባለሀብት አልነበሩም። ላይብረሪያን ነበሩ! ሙያው ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ግን አገር በአንድ ጀግናና በአህያ ጋሪ አይዘልቅም። አህያዋ የደረሰችበትን ትደርሳለች፤ የቀረውን መድረስ ያለበት ሥርዓት ነው።

ምን ይደረግ?

ቅሬታ ብቻ ጽፎ መሄድ አልወድም። የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም።

አንደኛ፣ መጽሐፍ ከመጥረጊያ ይለይ። ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በዓመት ከመቶ ይህን ያህል በንባብ ቢያልቅ፣ ቢጠፋ ደንብ ነው የሚል የጉድለት ወለል ይውጣ። ላይብረሪያኑ የሚጠየቀው ስንት ጎደለ ተብሎ ሳይሆን ስንት ተነበበ ተብሎ ይሁን። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ አንድ መመሪያ ብቻ ነው። ፊርማ!

ሁለተኛ፣ ላይብረሪያኑ መምህር ይባል፣ በመምህራን መሰላል ይውጣ። ሕመምና ኩርፊያ የምደባ መስፈርት መሆናቸው ይቅር። አሁን በቦታው ያሉትም አይባረሩ፤ በክረምት ይሰልጥኑ። መምህር በክረምት ሲሰለጥን የኖረባት አገር ይህን አታጣም።

ሦስተኛ፣ መገናኛ ይኑራቸው። የጉድኝት ማዕከል የሚባለው አደረጃጀት አለ አይደለም እንዴ? የአንድ ጉድኝት ላይብረሪያኖች በወር አንድ ግማሽ ቀን ይገናኙ። መጽሐፍ ይለዋወጡ፣ ካታሎጋቸውን ያመሳክሩ፣ የተሳካለት ያልተሳካለትን ያሳይ። ለዚህ አዳራሽ አያስፈልግም፤ ላይብረሪ አላቸው!

ለባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ይህን ሁሉ ከላይ እስኪሰጠን ብንጠብቅ ሽበታችንም ያረጃል። ስብሰባ እስኪፈቀድልን የጎረቤት ትምህርት ቤት በር ማንኳኳት ማን ከለከለን? አንዲት ቡና ተጠራርቶ መጠጣት ፈቃድ አይጠየቅባትም። "ወንድሜ፣ አንተ ጋ ምን ተርፏል? እኔ ጋ ይሄ አለ" መባባል የፖለቲካ ድርጅት መመሥረት አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል የኖረው ለጌጥ አይደለም። አንድ ላይብረሪያን ስለ ጉድለት ወለል ቢጽፍ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ያድራል። የአንድ ክፍለ ከተማ ላይብረሪያኖች በሙሉ ፈርመው ቢጽፉ ግን መሳቢያው አይዘጋም።

ለሹመኞቻችን ደግሞ ይህን እላለሁ። ስለ ንባብ መናገሩን ይበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ለጉብኝት ስትሄዱ የተቀባውን ግድግዳ አትዩ፣ የተሰለፈውን ልጅ አትዩ። ቀጥታ ወደ ላይብረሪው ሂዱና የመጽሐፍ ማዋሻ መዝገቡን አምጣ በሉ። መዝገቡ ነጭ ከሆነ ጥፋተኛው ቁልፍ የያዘው ሰው አይደለም። ቁልፉን ያስያዛችሁት፣ ዕዳውን በስሙ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። ልጆቹም ይህን አንብበው የሚረዱበት ቀን ይመጣል፤ እስከዚያ ድረስ ማንበብ ካስቻላችኋቸው!

ልቦና ይስጠን።